ሻደይ ሲያልፍ ኽምጣና የት ይገባል?

በየዓመቱ ነሐሴ ላይ ሻደይ ሲመጣ ሰቆጣ ውስጥ ኽምጣና ይነግሣል። ይዘፈንበታል፣ ባለሥልጣኑም ያሞግሰዋል። መስከረም ጠብቶ ትምህርት ቤት ሲከፈትስ?

ኽምጣናን እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት አስገብቶ ሒሳቡንና ሳይንሱን በአማርኛ የሚሰጥ ትምህርት ቤት «በአፍ መፍቻ ቋንቋ እናስተምራለን» ሊል አይችልም። አማርኛን ገበያ ላይ ብቻ የሚሰማ የገጠር ልጅ መደመር ሊማር ተቀምጦ መጀመሪያ የሚታገለው ከመምህሩ ንግግር ጋር ነው። ከዚያ «ሰነፍ» ይባላል።

ሕግ የለም እንዳይባል፣ የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በብሔረሰቦች ቋንቋ እንዲሰጥ ደንግጓል። አይሞከርም እንዳይባል፣ እዚያው አማራ ክልል የኽምጣና እህት የሆነው አዊኛ በአዊ ዞን ማስተማሪያ ቋንቋ ሆኗል።

«ፈተናውም ሥራውም በአማርኛ ነው» የሚሉ ወላጆች አልተሳሳቱም። ሰቆጣ ከተማ ውስጥ አፉን በአማርኛ የፈታ ልጅም አለ፤ እሱን በግድ ኽምጣና ክፍል ማስገባት ያው ጥፋት ነው። ግን አማርኛን በወጉ ማስተማር ሌላ፣ ልጁ ገና በማይሰማው አማርኛ ክፍልፋይ ማስተማር ሌላ።

ሌላው የአገው ቋንቋ ቅማንትኛ ዛሬ ጎንደር አካባቢ በጥቂት አረጋውያን አንደበት ቀርቷል። ልጆቹ አልተረከቡትም።

ሰቆጣ የመምህራን ኮሌጅ አላት። እንግዲህ ዞኑ ከሚቀጥለው ሻደይ በፊት ይመልስ፦ ሒሳብን በኽምጣና ማስተማር የሚችል መምህር ያለው የትኛው የገጠር ትምህርት ቤት ነው? የሌለውስ?