ኮምፒዩተሩ ያላወቀው መሣሪያ ሁሉ የተበላሸ አይደለም

በቤተ ሙከራዎቻችን መደርደሪያ ላይ አቧራ የለበሱ መሣሪያዎች ጥቂት አይደሉም። «ኮምፒዩተሩ አያውቀውም» የሚለው ቃል ብዙ ጊዜ እንደ መጨረሻ ፍርድ ይቆጠራል። እኛ ግን ይግባኝ የሚባልበት ፍርድ ነው እንላለን።

ለመሆኑ ኮምፒዩተር መሣሪያን እንዴት ያውቃል? በፒሲአይ ወይም በዩኤስቢ የሚገናኝ መሣሪያ ባለ 16 ቢት የሆኑ ሁለት ቁጥሮችን ይዞ ይቀርባል፤ አንዱ የአምራቹ፣ ሌላው የምርቱ መለያ ነው። ለምሳሌ የኢንቴል የፒሲአይ መለያ 8086 ነው። እያንዳንዱ ድራይቨር በበኩሉ የሚያስተናግዳቸውን መለያዎች በሠንጠረዥ ያስመዘግባል። የስርዓተ ክወናው እምብርት የሆነው ከርነል ሁለቱን ያመሳክራል፤ ከገጠሙለት ድራይቨሩን ጠርቶ መሣሪያውን ያስረክበዋል። ካልገጠሙ ግን ጤነኛው መሣሪያ ተረካቢ አጥቶ ይቀራል።

ሊኑስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ1991 ባስጀመረው ሊኑክስ ውስጥ ይህ ሠንጠረዥ ለማንም ክፍት ነው። አዲሱ ምርት የቀድሞውን ቺፕ የያዘ ከሆነ፣ አንድ መስመር መጨመር ብቻ ሊበቃ ይችላል። ቺፑ ሌላ ከሆነ ሥራው ይከብዳል፤ ሆኖም ይህን ለይቶ ማወቅ በራሱ ዕውቀት ነው።

ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ1976 በተጀመረው የግብርና ኮሌጅ ላይ በታነጸው የሀዋሳ ዩኒቨርሲቲም ሆነ በሌሎቹ ተቋሞቻችን፣ የስርዓተ ክወና ትምህርት ከመማሪያ ክፍል ወጥቶ ወደ መደርደሪያው ይዝለቅ። መሣሪያ ከመወገዱ በፊት ተማሪዎች መለያውን ያንብቡ፣ ሠንጠረዡን ይመርምሩ። ዕቃው በውጭ ምንዛሪ በሚገዛበት አገር፣ ይህ ችሎታ ቅንጦት ሊባል አይገባውም።