የአዘጋጁ ማስታወሻ፦ ከውበቱ በፊት መውጫውን

ይህ እትም ኮድ ለማያውቅ፣ ለመማርም ጊዜ ለሌለው ነጋዴ የተሰናዳ ነው። ድረ ገጽ ላሠራ የሚል ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «የትኛው ያምራል?» ብሎ ነው። ሁሉም ያምራሉ። እኛ መውጫውን፣ ማለትም ገጹን ይዞ መልቀቅ መቻሉን፣ ይዩ እንላለን። እ.ኤ.አ. በ2003 የተጀመረው ነጻው የድረ ገጽ መሥሪያ ዎርድፕረስ ላይ የተሠራ ገጽ ከነጽሑፉ ከነፎቶው ወደ ሌላ ሰርቨር ይዛወራል፤ ማደሱና ከሰርጎ ገብ መጠበቁ ግን የባለቤቱ ጣጣ ነው። ሌላው የድረ ገጽ መሥሪያ ዊክስ ይህን ሸክም ያቀልልዎታል፤ ልልቀቅ ሲሉ ግን ገጹ እንዳለ አይወጣም፣ እንደ አዲስ መሥራት ነው። አዲስ አበባ ላለ ነጋዴ ከደንበኛ ክፍያ የመቀበሉ ነገር ይብሳል፦ ስትራይፕ የተባለው የኦንላይን ክፍያ አገልግሎት ኢትዮጵያ ውስጥ ለተመዘገበ ንግድ አይሠራም። ስለዚህ የመረጡት መሥሪያ ላይ እንደ ቴሌብር ወይም ቻፓ ያለ የአገር ውስጥ ክፍያ መግጠም መቻሉን ሳያረጋግጡ ብር አይክፈሉ። ዶሜኑንም (የገጹን አድራሻ) በራስዎ ስም ያስመዝግቡ፤ ገጹን ለሠራልዎ ልጅ አይተዉት።