የፈረስ ስምና የመድረክ ስም

ራፕ የተባለው፣ በምት የሚነገር ግጥም፣ ኒው ዮርክ ውስጥ ብሮንክስ በተባለው ሠፈር በ1965 ዓ.ም. ገደማ ተጀመረ። ነገሩ ለእኛ ባዕድ ነው የሚል ሰው የሰሜን ሸዋን ፉከራ ያስታውስ። ፎካሪው ብድግ ብሎ፣ ጦሩን እየሰበቀ፣ ራሱን በፈረሱ ስም እየጠራ ሙያውን ይዘረዝራል። ከደብረ ብርሃን አጠገብ አንጎለላ የተወለዱት ዳግማዊ ምኒልክም «አባ ዳኘው» ይባሉ ነበር። ራፐሩም ተዋናዩም በመድረክ ስም ይወጣሉ። ነገር ግን ፎካሪውን የሚሰማው አብሮት የዘመተ ጎረቤቱ ነውና ያልሠራውን ቢያወራ ያፍራል። እንግዲህ ደብረ ብርሃን ላይ ማይክሮፎን የጨበጥህ ወጣት ሆይ፣ ምቱን ከውጭ ብትዋስ ነውር የለበትም፤ ቃልህን ግን የአንኮበር ሰው ሰምቶ «እውነቱን ነው» ይበልልህ።