በክረምት በሞተር ብስክሌት ለሚጓዙ እናቶችና ሠራተኞች

ክረምት ግም ሲል በየቤቱ የሚደረገው ዝግጅት የታወቀ ነው። ጣራው ይፈተሻል፣ የውሃ መውረጃው ቦይ ይጠረጋል፣ ማገዶውና ከሰሉ ከዝናብ ይሸሸጋል፣ የልጆች ሹራብ ከሣጥን ይወጣል። በሞተር ብስክሌት እየተመላለሰ የሚሠራው የቤተሰብ አባል ግን ብዙውን ጊዜ የሚታሰበው በዝናብ በስብሶ ከመጣ በኋላ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ ለእርሱም የሚደረገው ዝግጅት ከዝናቡ መቅደም ይኖርበታል።

በወልቂጤና በቡታጅራ ሞተር ብስክሌት የወንዶች መጓጓዣ ብቻ አይደለም። ወደ ገጠር ቀበሌ የምትወጣ የጤና ወይም የግብርና ባለሙያ በሞተር ትሄዳለች። ገበያ የምትወርድ እናት፣ ሕፃን ልታስከትብ የምትቸኩል ወላድ ከሞተረኛው ኋላ ትፈናጠጣለች። ስለዚህ በዝናብ ውስጥ ሳይበሰብሱ መጓዝ የቤተሰብ ጤና ጉዳይ ነው።

የአካባቢው አቀማመጥ ደግሞ ጥንቃቄውን የበለጠ አስፈላጊ ያደርገዋል። ወልቂጤ ከባሕር ወለል በላይ 1,900 ሜትር ያህል፣ ቡታጅራ ደግሞ 2,100 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ይገኛሉ። ከወልቂጤ ተነሥቶ ወደ ጉመር ደጋ የሚወጣ፣ ወይም ከቡታጅራ ወደ ዘቢዳር ተራራ ግርጌ የሚያቀና ሰው በአንድ ጉዞ ውስጥ አየሩ ሲለዋወጥ ያየዋል። በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ ቅዝቃዜው በ6 ዲግሪ ያህል ይጨምራል። ሲነሣ ያላበው መንገደኛ ደጋው ላይ ሲደርስ የሚንቀጠቀጠው ስለዚህ ነው።

እርጥብ ልብስ ለምን እንደሚጎዳ በመጀመሪያ እንረዳ። ውሃ የሰውነትን ሙቀት ከደረቅ አየር 25 ጊዜ ያህል በሚበልጥ ፍጥነት ይወስዳል። በዚህ ላይ የሞተሩ ፍጥነት የሚፈጥረው ነፋስ ሲጨመር ሰውነት በአጭር ጊዜ ይቀዘቅዛል። ጣቶች ይደነዝዛሉ፤ የደነዘዘ ጣት ፍሬን በጊዜው አይዝም። ሐሳብም ይፈዛል። በብዙ ቤት ዝናብ የሳንባ ምች ያመጣል ይባላል፤ በሽታውን የሚያመጡት ግን ጀርሞች ናቸው። ሆኖም ብርዱ ራሱ ቀላል ጠላት አይደለም፤ በተለይም ሙቀታቸውን ቶሎ ለሚያጡ ሕፃናት።

ታዲያ ሳይበሰብሱ ለመጓዝ ምን ማድረግ ይገባል? መልሱን ከጉራጌ የሣር ቤት ጣራ ላይ ማንበብ ይቻላል። ክዳኑን የሚሠራው ባለሙያ ሣሩን ከታች ጀምሮ ወደ ላይ ይደረድራል፤ የላይኛው ረድፍ የታችኛውን ጫፍ ይሸፍናል። ስለዚህ ከጉልላቱ የወረደው ውሃ አንድም ቦታ ሳይገባ እስከ መሬት ይንሸራተታል። የሞተረኛም ልብስ እንዲሁ መሆን አለበት፤ የላይኛው ልብስ ሁልጊዜ የታችኛውን ይሸፍን።

ከዚህ በመነሣት አለባበሱን በተራ እንመልከት።

አንደኛ፣ የዝናቡ ልብስ ኮትና ሱሪ ሆኖ በሁለት የተከፈለ ቢሆን ይመረጣል። ከሌላው ልብስ በላይ ስለሚለበስ ሰፋ ብሎ መገዛት አለበት። ሱቅ ውስጥ ቆሞ ብቻ መለካት አይበቃም፤ ሞተር ላይ እንደሚቀመጡ ሆነው፣ ጉልበት አጥፈው፣ እጅን ወደ ፊት ዘርግተው ይሞክሩት። በዚያን ጊዜ ወገብ ከተራቆተ፣ ወይም ሱሪው ከቁርጭምጭሚት በላይ ከተሰበሰበ፣ መንገድ ላይ ውሃ የሚገባው በዚያው ነው። ቀለሙም ቢጫ ወይም ብርቱካናማ ቢሆን በጭጋግና በዝናብ ውስጥ ለመኪና አሽከርካሪ ከሩቅ ይታያል፤ ጥቁሩ ከአስፋልቱ ጋር ይመሳሰላል።

ሁለተኛ፣ የአንገት ነገር ነው። ብርድ ለመከላከል የሚጠመጠመው የጥጥ ሻርፕ ወይም የነጠላ ጫፍ ከኮቱ ውጭ ከቀረ፣ እንደ ኩራዝ ክር ውሃውን እየመጠጠ ወደ ደረት ያወርደዋል። ሙሉ በሙሉ ወደ ውስጥ ገብቶ ክሳዱ እስከ አገጭ ይዘጋ። የኮቱን ቆብ ከራስ መከላከያው ሄልሜት በላይ መልበስ ግን ግራና ቀኝ እንዳያዩ ስለሚከለክል አደገኛ ነው። የሄልሜቱ መስታወት በጉም እንዳይሸፈን በውስጥ በኩል ጥቂት የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ቀብቶ በደረቅ ጨርቅ መወልወል ይረዳል።

ሦስተኛ፣ እጅና እግር ናቸው። የዝናቡ ሱሪ ከቦቲው በላይ ይውረድ እንጂ ወደ ውስጥ አይከተት፤ ከተከተተ ቦቲው እንደ እንስራ ውሃ ይሞላል። ቦቲ የሌላት ሴት ካልሲዋ ላይ ፌስታል አጥልቃ ጫማዋን ብታደርግ እግሯ አይርስም። ፌስታሉ ከጫማው ውጭ መሆን ግን የለበትም፤ መሬት ሲረግጡ ያዳልጣል።

አራተኛ፣ ስፌቱ ነው። ልብስ ሰፊ ዘንድ ከሸራ ወይም ከላስቲክ የተሰፋ የዝናብ ልብስ ብዙ ጊዜ የሚያፈሰው መርፌው በበሳው ቀዳዳ ነው። የስፌቱን መስመር በሻማ ወይም በሰም ደጋግሞ ማሸት ቀዳዳውን ይደፍነዋል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ይታወቅ። ውሃ ፈጽሞ የማያስገባ ልብስ ላብንም አያስወጣም። በፈረንጆች 1823 ዓ.ም. የስኮትላንዱ ቻርለስ ማኪንቶሽ በሁለት ጨርቅ መካከል ጎማ አስገብቶ የዝናብ ልብስ ሲሠራም ችግሩ ይኸው ነበር። ላብን እያስወጣ ዝናብን የሚከለክል ጨርቅ ለገበያ የዋለው ከ150 ዓመታት ገደማ በኋላ ነው፤ ዋጋውም ውድ ነው። ስለዚህ በተራው ልብስ የሚጓዝ ሰው ከውስጥ በዛ ያለ ልብስ አይደርብ፤ ይልቁንም ለመቀየሪያ የሚሆን ደረቅ ልብስ፣ ስልክና ሰነድ በፌስታል አሥሮ ይያዝ።

አሁን ደግሞ ፈጽሞ መደረግ ስለሌለበት ነገር እንነጋገር። በእኛ አገር ገበሬው በገሳ፣ የጉራጌ እናት በእንሰት ቅጠል ከዝናብ ስትጠለል ኖራለች። ይህ በእግር ለሚሄድ መልካም ነው። ሞተር ላይ ግን እጅ የሚይዘው ወይም በነፋስ የሚራገብ መከለያ ሁሉ አደጋ ነው። ከኋላ ተፈናጥጠው ዣንጥላ የሚዘረጉ እናቶች ይታያሉ። ነፋሱ ዣንጥላውን ሲገለብጠው ሞተሩንም አብሮ ይጎትተዋል። እንደ ካባ የተጣለ ላስቲክ፣ ያልታሠረ ነጠላና ረጅም ቀሚስም ጎማው ወይም ሰንሰለቱ ውስጥ ሊገቡ ይችላሉ። ቀሚስ የለበሰች ሴት ከሥሩ ሱሪ አድርጋ፣ ቀሚሷን ሰብስባ፣ እግሯን ግራና ቀኝ አድርጋ ትቀመጥ። በጎን መቀመጥ ጨዋነት መስሎ ቢታይም በእርጥብ መንገድ ላይ ሚዛን ያሳጣል።

ሕፃን አዝሎ በዝናብ ሞተር ላይ መውጣትን በተመለከተ ምክራችን አጭር ነው፤ አይውጡ። ዝናቡ እስኪያባራ መጠበቅ፣ ወይም በባጃጅና በሚኒባስ መሄድ ይሻላል። ሕፃኑ እንዳይርስ ብሎ ፊቱን በላስቲክ መሸፈንማ ትንፋሽ ያሳጣዋል። ድንገት ዝናብ ቢይዛችሁና ሕፃኑ ቢርስ፣ እርጥቡን ልብስ አውልቃችሁ፣ አድርቃችሁት፣ ራቁት ገላውን ከደረታችሁ ገላ አጣብቃችሁ ከላይ በደረቅ ጋቢ ሸፍኑት። ገላው ቀዝቅዞ ጡት አልይዝ ካለ፣ ወይም ከመጠን በላይ ዝም ካለ፣ ሳትዘገዩ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።

የመንገዱም ጠባይ መታወቅ አለበት። በደጋው አገር የክረምት ዝናብ አብዛኛውን ጊዜ ከሰዓት በኋላ ስለሚበረታ፣ የሩቅ ሥራን ጠዋት መጨረስ ግማሽ መፍትሔ ነው። ዝናቡ በጀመረባቸው የመጀመሪያ ደቂቃዎች አስፋልት ላይ የተጠራቀመው አቧራና ዘይት ከውሃው ጋር ተደባልቆ በጣም ያዳልጣል። በእርጥብ መንገድ ለመቆም የሚያስፈልገው ርቀት እጥፍ ስለሚሆን ከፊት ካለው መኪና እጥፍ መራቅ ያስፈልጋል። በየመንደሩ ያለው ጀፎረ በበጋ ምቹ ቢሆንም በክረምት የረጠበው ሣር ጎማ አያስይዝም። ጎርፍ ያጥለቀለቀውን መሻገሪያ በሞተር መድፈር አይገባም፤ የውሃውን ጥልቀት ከላይ አይቶ መገመት አይቻልም። መብረቅ ካለ ከብቸኛ ዛፍ ሥር ሳይሆን ቤት ውስጥ መጠለል ይገባል።

ቤት ከተደረሰ በኋላ የሚደረገው ጥንቃቄ ከመንገዱ አያንስም። የራሰውን ልብስ በፍጥነት ቀይሮ፣ ትኩስ አጥሚት ወይም ቡና መጠጣት ሰውነትን ያሞቃል። አረቄ ያሞቃል የሚለው ግን ስሕተት ነው፤ የቆዳን የደም ሥሮች አስፍቶ ሙቀት እንዲወጣ ያደርጋል።

ከሁሉም በላይ እናቶች ልብ እንዲሉት የምንፈልገው የከሰሉን ነገር ነው። የባልን ኮት፣ የልጅን ዩኒፎርም ለጠዋት ለማድረስ ሲባል በተዘጋ ክፍል ውስጥ የከሰል ምድጃ አንድዶ መተኛት በክረምት የተለመደ ነው። ከሰል ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል መርዘኛ ጋዝ ያወጣል። ቀለምም ሽታም ስለሌለው የተኛ ሰው ሳይነቃ ይሞታል። ስለዚህ ምድጃው ውጭ ወይም በር በተከፈተበት ቦታ ይሁን፤ ከመኝታ በፊትም ከቤት ይውጣ። የዝናቡን ልብስ አራግፎ ጥላ ላይ መስቀል በቂ ነው፤ እሳት ከቀረበው ላስቲኩ ይኮማተራል። የራሰ ጫማ ውስጥ ደግሞ አንብበው የጨረሱትን ጋዜጣ ጨምድደው ቢጨምሩበት እርጥበቱን ይመጥጠዋል።

በመጨረሻ፣ ወጪው የማን ነው የሚለውን ጥያቄ ማንሣት ይገባል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 92 አሠሪው ለሠራተኛው የአደጋ መከላከያ መሣሪያና ልብስ እንዲያቀርብ፣ ስለ አጠቃቀሙም እንዲያስረዳ ያዝዛል። ይህ አዋጅ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኞችን ባይመለከትም፣ ሞተር ሰጥቶ ሠራተኛዋን ወደ ገጠር የሚያሰማራ ማንኛውም መሥሪያ ቤት ነገሩን በዚሁ መንፈስ ሊያየው ይገባል። ሞተሩ የሥራ መሣሪያ ከሆነ የዝናቡ ልብስም የሥራ መሣሪያ ነው። ሠራተኞችም ጥያቄያቸውን ከክረምቱ በፊት፣ በጀት ሲያዝ ቢያቀርቡ ይሻላል። ለግሉ የሚሠራ ሞተረኛ ያለበት ቤተሰብ ደግሞ የዝናቡን ልብስ ከነዳጅና ከጎማ ወጪ ጋር ደምሮ ይያዘው። ወር ሙሉ አልጋ ላይ ከሚያውል አደጋ ይልቅ አንድ ጥሩ ኮትና ሱሪ ርካሽ ነው።