የቆመው ሰዓት አይጣል

ከነቀምቴ እስከ ደምቢዶሎ ባሉት የወለጋ ከተሞች በአንዳንድ ቤት ሣጥን ውስጥ የቆመ አሮጌ የእጅ ሰዓት ይገኝ ይሆናል። ሰዓቱ የአባት ወይም የአያት ነበር፤ ልጆች ግን ጊዜውን ከስልክ ስለሚያዩ እንደ ቁርጥራጭ ብረት ይቆጥሩታል። እኔ በዚህ አስተያየት አልስማማም። እናንተም ተማሪዎች ሆይ፣ ከመፍረዳችሁ በፊት ምክንያቶቼን መዝኑ።

በመጀመሪያ፣ እንዲህ ያለው ሰዓት የተሠራው ለሥራ ሰው ነው። ለምሳሌ የጃፓኑ ሴይኮ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1963 «ሴይኮ 5» የተባለውን ሰዓት፣ በ1968 ደግሞ የስፖርቱን ዓይነት ለገበያ አቀረበ። ይህ ሰዓት ባትሪ አያሻውም፤ ክንድ ሲወዛወዝ በውስጡ ያለው ክብደት እየዞረ ሞላውን ይጠመጥመዋል። የማይዝገው ብረትም ክሮሚየም ስላለበት በገጹ ላይ ስስ ሽፋን ይፈጠርና ዝገትን ይከላከላል። ክረምቱ በሚረዝምበትና ላብና ጭቃ በማይጠፋበት የቡና አገር ይህ ቀላል ጥቅም አይደለም።

ሁለተኛ፣ ቆጣሪ ያለው ሰዓት ለአቆጣጠራችን ይመቻል። በውጭ አቆጣጠር ተሞልቶ አጭሩ ቆጣሪ ሰባት ላይ ሲደርስ፣ በትይዩ ያለውን አንድ ቍጥር በማንበብ የእኛን ሰዓት እናውቃለን።

ሦስተኛና ዋናው፣ ሰዓቱ ይጠገናል። ዘይቱ ሲደርቅ ይቆማል እንጂ አይሞትም። ሰዓት ሠሪ ፈትቶ፣ አጥቦና ዘይት ቀብቶ ሲገጥመው እንደገና ይሄዳል፤ ውሃ የሚከላከለው ጎማም ካረጀ ይለወጣል። ይሁን እንጂ ሥራ የማይመጣለት ሰዓት ሠሪ መሣሪያውን ሰብስቦ ሌላ እንጀራ ይፈልጋል፤ ሙያውንም የሚወርሰው አይኖርም። እንግዲህ ሰዓት ሲጣል የሚጣለው ብረት ብቻ አይደለም፤ እውቀትም አብሮ ይጣላል።

እርግጥ ነው፣ ስልክም ሆነ ባለባትሪ ሰዓት ከአሮጌው ይልቅ ትክክለኛ ነው። አሮጌው በቀን ጥቂት ሴኮንዶች ሊቀድም ወይም ሊዘገይ ይችላል። ነገር ግን በጥቂት ሴኮንድ ምክንያት ከትምህርት ቤት ደወል የሚቀር ተማሪ የለም።

ያለፈው ዘመን ዕቃ በነቀምቴ ሙዚየም ቢቀመጥ ተገቢ ነው። የሰዓት ክብሩ ግን መሥራቱ ነው። ስለዚህ በቤታችሁ የቆመ ሰዓት ካለ፣ ባለቤቱን አስፈቅዳችሁ ወደ ሰዓት ሠሪ ውሰዱት፤ ሲፈታም አጠገቡ ቆማችሁ ተመልከቱ።