ዝም ያለ ልጅ ሁሉ ደካማ ነው ያለው ማነው?

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ይባላልና ከሥሩ ልጀምር። በ1986 ዓ.ም የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ሕጻናት የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን አፍ በፈቱበት ቋንቋ እንዲማሩ ፈቀደ። በ1987 ዓ.ም የጸደቀው ሕገ መንግሥት ደግሞ በአንቀጽ 5 ቋንቋዎች ሁሉ በመንግሥት ዘንድ እኩል እውቅና እንዳላቸው አወጀ። ሸጋ ነው! ማን ይጠላል? ወረቀቱ ግን ተራራውን ሲወጣ ይደክመዋል መሰለኝ፣ አንደኛ ክፍል በራፍ ላይ ሳይደርስ ይቀራል።

እስቲ ኩልመስክን እንውሰድ። በላስታ ደጋ፣ ከወልድያ በድልብ አድርጎ ወደ ላሊበላ በሚወስደው መንገድ ላይ ናት። ላስታ የዛጉዌ ነገሥታት አገር ነው፤ ነገሥታቱም አገው ነበሩ። ዛሬ ላስቴ አፉን የሚፈታው በአማርኛ ነው። ወደ ሰሜን ዋግ ሲገቡ ግን ኽምጣኛ የሚናገረው አገው ዛሬም አለ። ጎረቤት ነው፣ ይጋባል፣ ይገበያያል። ድርቅ ሲመጣ፣ ጥይት ሲጮህም ሰዉ ልጁን አዝሎ ይሰደዳል። በ2013 ዓ.ም ክረምት ላሊበላ ድረስ የዘለቀው ጦርነት የአበርገሌንና የጻግብጂን ሕዝብ አፈናቅሎ ሰቆጣ ላይ ማፍሰሱን ማን ይረሳል?

እንግዲህ በኽምጣኛ አፉን የፈታ የሰባት ዓመት ልጅ በአማርኛ ብቻ የሚያስተምር ትምህርት ቤት ቢገባ ምን ይሆናል? መምህሩ ይጠይቃል፤ ልጁ ዝም ይላል። «ደካማ ነው» ተብሎ ከኋላ ይቀመጣል። ክፍል ይደግማል። ከዚያማ ከብት ጥበቃው ይሻለዋል! ቁጥሩንም ተረቱንም በቤቱ ቋንቋ አሳምሮ ያውቅ ነበር እኮ። በገባው ቋንቋ የሚጠይቀው ነው ያጣው።

ይህን ሊያቀና የሚችለው ሰው ሚኒስትሩ አይደለም፤ ርእሰ መምህሩ ነው። ሁለቱንም ቋንቋ የሚችል መምህር ካለው አንደኛ ክፍል ይመድበው። አዲሱን ልጅ ሁለቱንም ከሚናገር ጓደኛ አጠገብ ያስቀምጠው። አማርኛው እስኪገባው በጽሑፍ ሳይሆን በቃል ይፈተን። እናትና አባቱን በሚሰሙት ቋንቋ ያነጋግራቸው። ይኸ ሁሉ የውጭ እርዳታ አይጠይቅም።

ታዲያ ርእሰ መምህራችን የት ነው? ስብሰባ ላይ! ሪፖርት ይሞላል፣ መዋጮ ይሰበስባል። ወንበሩን ያገኘው በሙያው ሳይሆን በታማኝነቱ ከሆነማ፣ ጆሮው ወዴት እንደሚያዳምጥ የታወቀ ነው። ከላይ የመጣውን ይሰማል፤ ከኋላ ወንበር ያለውን ዝምታ ከየት ይሰማዋል?

አማርኛ ይቅር አልወጣኝም። የዋግ ልጅ አማርኛን ይፈልገዋል፤ ለገበያውም፣ ለሥራውም፣ ለአገሩም። አፍ በፈቱበት ቋንቋ ፊደል የቆጠረ ልጅ ሁለተኛውን ቋንቋ ለመቀበል አይቸግረውም። ኽምጣኛም በግእዝ ፊደል ነው የሚጻፈው፤ «ሀ»ን አንዴ የለየ ልጅ ለሁለቱም ይሆነዋል።

ስለዚህ የትምህርት ቢሮ ሹማምንት ሆይ፣ ሦስት ነገር አድርጉ። ልጅ ሲመዘገብ የቤቱ ቋንቋ ይጻፍ። ርእሰ መምህር በችሎታው ይመረጥ። መምህር የመመደብ ሥልጣንም በእጁ ይሁን። ያለዚያ የእኩልነቱ አዋጅ ለዋግ ሕጻን ላም አለኝ በሰማይ ነው፤ ወተቷን አላያትም!