ውሳኔው ወጥቷል፤ ፍጻሜውስ?

በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ባሉ አጥቢያዎቻችን ስለ አገር ሰላም ስንጸልይ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ስም አብሮ ይነሣል። አንዳንዶቻችን ብዙ እንጠብቅበታለን፤ ሌሎቻችን ፋይዳ የለውም እንላለን። እስቲ በራሱ ውሳኔዎች እንመዝነው። የምንመለከተው የኢትዮጵያና የኤርትራን ጦርነት ነው (ዓመታቱ እ.ኤ.አ. ናቸው)።

ጦርነቱ በግንቦት 1998 ተጀመረ። የጸጥታው ምክር ቤት በሰኔ 1998 በውሳኔ 1177 ውጊያው እንዲቆም ጠየቀ። በየካቲት 1999 ውጊያው ሲያገረሽ በውሳኔ 1227 አገሮች ለሁለቱ የጦር መሣሪያ መሸጥ እንዲያቆሙ አሳሰበ። ማሳሰቢያ እንጂ ክልከላ አልነበረም። አስገዳጁ ማዕቀብ የመጣው በግንቦት 2000 በውሳኔ 1298 ነው፤ ጦርነቱ ሁለት ዓመት ከፈጀ፣ ብዙ ሺህ ወጣቶች ካለቁ በኋላ።

ይህ ሲባል ድርጅቱ ምንም አልሠራም ማለት አይደለም። በመስከረም 2000 በውሳኔ 1320 እስከ 4,200 የሚደርስ የሰላም አስከባሪ ኃይል ፈቀደ። ወታደሮቹም 25 ኪሎ ሜትር ስፋት ባለው ቀጠና ሁለቱን ጦር ለያይተው ቆዩ። ሁለቱም መንግሥታት በተስማሙበት ነገር ሥራው ሠመረ።

የድንበር ኮሚሽኑ በሚያዝያ 2002 ብያኔውን ከሰጠ በኋላ ግን ነገሩ ተወሳሰበ። በኅዳር 2005 ውሳኔ 1640 ኢትዮጵያ ብያኔውን ሳትዘገይ እንድትቀበል፣ ኤርትራም በሰላም አስከባሪዎቹ ላይ የጣለችውን እገዳ እንድታነሣ አዘዘ። ሁለቱም እንደ ታዘዙት አላደረጉም። በሐምሌ 2008 ምክር ቤቱ በውሳኔ 1827 ተልዕኮውን ዘጋ። የሁለቱ አገሮች መሪዎች አሥመራ ላይ የሰላም መግለጫ የፈረሙት በሐምሌ 2018 ነው።

እንግዲህ ወገኖች፣ ስለ አዲስ ውሳኔ ስትሰሙ ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ያሳስባል ወይስ ያስገድዳል? የሚፈጸምበት ቀን አለው? ያልፈጸመውስ ምን ይደርስበታል?

መመዘኛውን ወደ ራሳችንም እናዙረው። በመስከረም 2018 በቡራዩ በተነሣው ግጭት ሺዎች ሲፈናቀሉ ያስፈለጋቸው እንጀራ፣ ብርድ ልብስና መጠለያ ነበር። ያዕቆብ በመልእክቱ (2፥15-16) የተራበውን በመልካም ቃል ብቻ መሸኘት እንደማይጠቅም ያስተምረናል። የአጥቢያችሁን ቃለ ጉባኤ ግለጡ፤ ለችግረኞች ከተወሰነው ስንቱ ተፈጸመ? ኒውዮርክን ከመውቀሳችን በፊት ለዚህ መልስ ይኑረን።

ጌታ ይባርካችሁ።